መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ቤት ለመከራየት፦ ኮንዶሚኒየም፣ አፓርታማ ወይስ ሰርቪስ?

መገናኛ ዙሪያ ቤት የሚፈልግ ሰው በዋናነት የሚፈልገው መንገዱን ነው። ወደ አራት ኪሎ፣ ወደ ቦሌ፣ ወደ ኮተቤ፣ ወደ ሲኤምሲና አያት በአንድ ታክሲ ይኬዳል፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ቀላል ባቡርም እዚያው ይቆማል። በዚህ ምክንያት ሾላ፣ ለም ሆቴል፣ ሃያ ሁለትና ገርጂ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ሲለቀቅ ሳይውል ሳያድር ይያዛል። ደላላው «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ሲል ተከራይ ይጣደፋል፤ ሴራሚኩንና የኩሽና ካቢኔቱን አይቶ ቀብድ ይሰጣል።

በዚህ ሰፈር የሚገኙት ባለ አንድ መኝታዎች በሦስት ይመደባሉ፦ ኮንዶሚኒየም፣ የግል አልሚዎች የሠሩት አፓርታማ፣ እና ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ወይም ጎን የተሠራ ሰርቪስ። በኑሮ ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው የካሬው ስፋት አይደለም፤ ውሃው፣ መብራቱና የውጭ በሩ በማን እጅ ናቸው የሚለው ነው። ሰርቪስ ውስጥ ሦስቱም በአከራዩ እጅ ናቸው። አፓርታማ ውስጥ በህንጻው አስተዳደር እጅ ናቸው፣ ለዚያም ይከፈላል። ኮንዶሚኒየም ላይ ቆጣሪው የቤቱ ነው፤ ውሃውና ደረጃው ግን የሁሉም ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ተቆርቋሪ ያጣሉ። ቤት ስታዩ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ።

ኮንዶሚኒየም

የ20/80 ቤት (ባለዕጣው 20 በመቶውን ቆጥቦ 80 በመቶውን በባንክ ብድር የሚከፍልበት የመንግሥት ኮንዶሚኒየም) ለባለዕጣው የሚተላለፈው ማጠናቀቂያው በአብዛኛው ሳይሠራ ነው። ወለሉን፣ ቀለሙን፣ ካቢኔቱን የሚያስገባው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ በአንድ ደረጃ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቤቶች ጨርሶ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። «ከታችኛው ጋር አንድ ነው» ተብላችሁ ሳታዩ አትስማሙ።

ፎቁን መምረጥ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኞቹ የ20/80 ህንጻዎች ጂ+4 (ከምድር በላይ አራት ፎቅ) ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ምድር ላይ ያለው ቤት ሱቅ፣ ፀጉር ቤት ወይም ግሮሰሪ ጎረቤት ይኖረዋል፤ የፍሳሽ መስመሩ ሲደፈን ደግሞ ከላይ የወረደው ሁሉ የሚገነፍለው በእሱ ሽንት ቤት ነው። አራተኛው ፎቅ በበጋ ከጣሪያው ሥር ይሞቃል፣ በክረምት ጣሪያው ካፈሰሰ ቀድሞ የሚረጥበው እሱ ነው፣ የውሃ ግፊት ሲያንስም ቀድሞ የሚደርቀው የእሱ ቧንቧ ነው። ምርጫ ካላችሁ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉትን ቅድሚያ ስጧቸው፤ ለዚያ ትንሽ ብር ጨምሮ መክፈል አያስቆጭም።

ስለ ውሃ ደላላውን አትጠይቁ። ደረጃውን ስትወጡ በየበሩ ላይ የተደረደረውን ጀሪካን ቁጠሩ። በየበሩ አምስት ስድስት ጀሪካንና ክዳን ያለው በርሜል ካያችሁ ውሃው በፈረቃ የሚመጣ፣ ያውም ረዘም ብሎ የሚቆይ ነው ማለት ነው። ከዚያ እዚያው ደረጃ ላይ ከሚኖሩ ሁለት ሰዎች ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ በስንት ሰዓት ይመጣል፣ እናንተ የምትከራዩት ፎቅ ድረስ ይወጣል ወይ። ሌሊት 8 ሰዓት መጥቶ 11 ሰዓት የሚሄድ ውሃ ለሠራተኛ ሰው እንዳልመጣ ነው፤ እንቅልፍ አቋርጦ የሚቀዳ ሰው ያስፈልገዋል።

ውሃው በመጣበት ቀን ከሄዳችሁ በ20 ሊትር ጀሪካን ሞክሩት። በ2 ደቂቃ ከሞላ ጥሩ ግፊት ነው። እስከ 4 ደቂቃ ከወሰደ ሻወር ያስወስዳል። ከ6 ደቂቃ ካለፈ በደቂቃ ከ3 ሊትር ተኩል በታች ነው፤ በእንዲህ ያለ ግፊት ብዙ የሻወር ማሞቂያዎች አይበሩም። ስሌቱንም ሥሩ፦ ሁለት ሰዎች እየቆጠቡ በቀን 100 ሊትር ያህል ይፈጃሉ። አንድ የ200 ሊትር በርሜልና አምስት ባለ 20 ጀሪካን 300 ሊትር ይሆናል፤ ያ የሦስት ቀን ነው። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ከሆነ ቀሪውን 400 ሊትር የት ታስቀምጣላችሁ? ሮቶ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም 500 ሊትር ውሃ ግማሽ ቶን ይመዝናል። ከግድግዳው ወጣ ያለ በረንዳ ለዚህ ክብደት አልተሠራም። ከባለቤቱና ከነዋሪዎቹ ኮሚቴ ፈቃድ ሳታገኙ አታስቀምጡ፤ የተፈቀደ ቦታ ከሌለ ያ ቤት ለእናንተ አይሆንም።

መታጠቢያ ቤት ስትገቡ ወለሉን ትታችሁ ኮርኒሱን እዩ። ቢጫ ክብ ምልክት፣ የተላጠ ቀለም ወይም ሻጋታ ካለ ከላይ ያለው ቤት ወደ እናንተ ያፈሳል። ይህን የሚጠግነው አከራያችሁ ሳይሆን የላይኛው ባለቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ውጭ አገር ሊሆን ወይም ለተከራይ ትቶት ሊሆን ይችላል። ሳይጠገን እንዳትገቡ። በመስኮቶቹ ሥር ያለውንም ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ፤ በብረት ፍሬሙ በኩል የክረምት ዝናብ የሚገባበት ቤት ቀለም ቢቀባም ልስኑ ያብጣል።

ሌላው ኮሚናሉ ነው። ኮንዶሚኒየም ሳይቶች ለማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ህንጻ አላቸው፤ ለሌላ አገልግሎት የዋለበትም አለ። በዓል ሲመጣ በግ የት እንደሚታረድ፣ ልብስ የት እንደሚሰጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለጥበቃና ለጽዳት የሚዋጣውን ወርሃዊ ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ የቀድሞው ተከራይ የተወው ውዝፍ ካለም ከኮሚቴው አረጋግጡ።

መብራቱ፦ ለሦስቱም የሚሠራ ምርመራ

የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፒር ነው። ስለዚህ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የተነሳ የብቻው መስመር ያስፈልገዋል፤ ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው) 20 ወይም 25 አምፒር፣ ሽቦው 4 ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን ይመረጣል። ባለ 16 ብሬከር ሁለተኛው እንጀራ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ብሬከሩ እንዳይወድቅ ተብሎ በባለ 32 ተተክቶ ሽቦው ግን ቀጭን ሆኖ የቀረበት ቤት ነው፤ ያን ጊዜ ብሬከሩ ሳይቆርጥ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል። የሳጥኑን ክዳን ከፍታችሁ ቁጥሮቹን አንብቡ፤ የኩሽናውን ሶኬት ጠርዝ እዩ። ቡናማ የሆነ ወይም የቀለጠ ጠርዝ ካለ ከዚህ በፊት ግሏል።

5,000 ዋት የሻወር ማሞቂያ ደግሞ 23 አምፒር ይፈልጋል። ምጣዱና ማሞቂያው አንድ ላይ ሲበሩ 39 አምፒር ስለሚደርሱ በብዙ ቤቶች እየተፈራረቁ መጠቀም ግዴታ ነው።

ቆጣሪውን በተመለከተ መጀመሪያ የካርድ ነው ወይስ የቢል የሚለውን ለዩ። የካርድ ከሆነ ካርዱ ከቁልፉ ጋር መረከብ አለበት። የቢል ከሆነ የመጨረሻውን ወር ደረሰኝ አስመጡና በላዩ ያለውን ቁጥር ቆጣሪው ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፤ ውዝፍ ካለም ከመፈረማችሁ በፊት ይከፈል። የውሃውም እንደዚያው ነው። መብራት የሚቆረጠው በቆጣሪው ዕዳ ነው፤ ዕዳውን ማን እንደፈጠረው ቆራጩ አይጠይቅም።

ሰርቪስ

በኪራይ ዋጋ ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ይህ ነው፤ ቤተሰባዊ ኑሮ ለሚወድ ሰውም ከሦስቱ ይመቻል። ውሃ ሲጠፋ ባለቤቱም አብሮ ስለሚቸገር ሮቶና ዲናሞ ያለው ግቢ ብዙ ነው። ቡና ሲፈላ መጠራራት አለ፤ ቤት ዘግቶ ለወጣ ሰው ዓይን የሚጥል አይጠፋም። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ወይም ሕፃን ላላቸው ወላጆች ይህ ዋጋ የሚተመንለት አይደለም።

ችግሩ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ መቆሙ ነው። ስለዚህ የሰርቪስ ድርድር ከኪራዩ ይልቅ በቤቱ ደንብ ላይ መሆን አለበት። የውጭ በሩ ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ቁልፍ ይሰጣል ወይ? እንግዳ ማሳደር ይቻላል? ልብስ በየትኛው ቀን ይታጠባል? ሽንት ቤቱ የብቻ ነው ወይስ ከሠራተኞችና ከሌላ ተከራይ ጋር? ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ የመምጠጫ መኪናውን ማን ይከፍላል? እነዚህን ሳይነጋገሩ ገብቶ ኋላ ላይ መከራከር ለማንም አይበጅም፤ ባለቤቶቹ ትልልቅ እናትና አባት ከሆኑ ደግሞ ተከራዩ ይሉኝታ ይይዘውና ዝም ብሎ ይጎዳል። ገና በመጀመሪያው ቀን በአክብሮት «እማማ፣ ማታ ከሥራ የምገባው ሦስት ሰዓት ነው፤ ቁልፍ ቢሰጠኝ ይሻላል ወይስ ዘበኛው ይከፍትልኛል?» ብሎ መጠየቅ ነገሩን ያቀለዋል።

የሰርቪስ ትልቁ ጭቅጭቅ የጋራ ቆጣሪ ነው። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱን ዋጋ ስለሚያሳድግ፣ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ትንሽ የሚያበራውም ሰው በከፍተኛው ዋጋ ይከፍላል። ሒሳቡ በሰው ቁጥር ወይም በክፍል ቁጥር ሲካፈል ደግሞ ምጣድ የሌለው ሰው ምጣድ ላለው ይከፍላል። መፍትሔው ለእናንተ ክፍል ለብቻ የሚያነብ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ማን እንደሚገዛው ተስማሙ፤ በገባችሁበት ቀን ያለውን ንባብ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ግድግዳውን በጉልበታችሁ ከፍታና ከዚያ በታች አንኳኩ። ብሎኬት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ጭቃ ድፍን ብሎ ይሰማል። ጭቃ ቤት ሙቀት ይይዛል እንጂ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ታችኛው ክፍል እርጥበት ከጀመረ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ የቆመ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ በአንድ ክረምት ይሻግታል።

መንገድ ዳር የሆነ ግቢ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም ሲጀመር ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛና ከቦሌ ወደ መገናኛ ያሉት መንገዶች ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበሩ። ግቢው ለመንገድ ወይም ለመልሶ ማልማት የሚነሳ እንደሆነ ወረዳው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ዕቃ ተሸክሞ በሁለት ወር ውስጥ እንደገና ከመሰደድ ግን ያድናል።

አፓርታማ

አፓርታማ ላይ የምትከፍሉት ለሊፍቱ፣ ለጄኔሬተሩና ለውሃ ታንከሩ ነው። ሦስቱ ካልሠሩ የቀረው ውድ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያውም ዘጠነኛ ፎቅ ላይ። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ቤት ውስጥ ድረስ ያበራል ወይስ ሊፍቱንና ደረጃውን ብቻ፣ ነዳጁ በወርሃዊው የአገልግሎት ክፍያ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይጠየቃል፣ ክፍያውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው ወይስ ተከራዩ የሚሉትን በጽሑፍ አስቀምጡ። መኝታ ቤቱ ከጄኔሬተሩ በላይ ከሆነ ጭሱም ድምፁም የእናንተ ነው፤ መስኮቱን ከፍታችሁ ወደ ታች እዩ።

ውሃው የጉድጓድ ከሆነ ከቧንቧው አፍና ከሻወሩ ጭንቅላት ላይ ነጭ ቅርፊት ፈልጉ። ጨው የበዛበት ውሃ ማሞቂያ ያበላሻል።

ብዙ ተከራይ የማያስበው ነገር ደግሞ አለ፦ አዲስ የተረከቡት ህንጻ። ባለቤቶቹ ቤታቸውን በየተራ ስለሚያስጨርሱ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ሴራሚክ መቁረጥና ግድግዳ መብሳት ለወራት ይቀጥላል። ቀን ቤት የሚሠራ ወይም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ቢያንስ ግማሹ ሰው የገባበትን ህንጻ ይፈልግ። የመኪና ማቆሚያም ከባለ አንድ መኝታ ጋር ላይሰጥ ይችላል፤ መኪና ካላችሁ የቦታውን ቁጥር ጠርታችሁ ውሉ ላይ አስጽፉት።

ርቀትን በብር ማስላት

ብዙ ሰው ሰሚት ወይም አያት ርካሽ ቤት አይቶ ከመገናኛው ጋር የሚያወዳድረው በኪራዩ ብቻ ነው። ሥራችሁ መገናኛ አካባቢ ከሆነ እንዲህ አስሉት። ሁለት ሰው፣ በወር 22 የሥራ ቀን፣ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ሆኖ መሄጃ ሁለት ታክሲ መመለሻ ሁለት ታክሲ፦ 176 ጉዞ ይሆናል። አንዱ በአማካይ 20 ብር ቢወጣበት 3,520 ብር ነው። የሁለቱ ቤቶች የኪራይ ልዩነት ከዚህ በታች ከሆነ ሩቁ ቤት ርካሽ አይደለም። ጉዞው 40 ደቂቃ ከሆነም እያንዳንዱ ሰው በወር 29 ሰዓት ገደማ መንገድ ላይ ያጠፋል፤ የሰልፉ ሰዓት ሳይቆጠር።

በሌላ በኩል የመገናኛ ጫጫታ ቀላል አይደለም። ቤቱን ሦስት ጊዜ እዩት፦ በሥራ ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ረዳቶች መጣራት ሲጀምሩ፣ በዚያው ቀን ማታ 12 ሰዓት ተኩል፣ እና ቅዳሜ ሌሊት 5 ሰዓት። ሦስተኛውን የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው፤ በአቅራቢያው መጠጥ ቤት እንዳለ የሚታወቀው ግን ያን ጊዜ ነው። ከዋናው መንገድ ሁለት ቤት ገባ ያለና መኝታ ክፍሉ ወደ ጀርባ የዞረ ቤት ካገኛችሁ በዋጋ ብዙ አትከራከሩ።

ውሉ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ብዙ ከለላ ሰጥቷል፤ ከለላው የሚሠራው ግን ወረቀቱ በትክክል ሲሠራ ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ዝቅተኛው ዘመን 2 ዓመት ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ አዲስ አበባ ላይ ቤቱ ባለበት ወረዳ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ስድስት ወር አምጡ ለሚል አከራይ ይህን በትሕትና ማስታወስ ይቻላል። ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪ የሚደረገውም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያወጣው መጠን እንጂ አከራዩ በፈለገው ጊዜ አይደለም።

አንዳንድ አከራይ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ጽፎ ቀሪውን በእጅ መቀበል ይፈልጋል። አትቀበሉ። ነገ ክርክር ቢነሳ በእጅ የሰጣችሁት ብር ማስረጃ የለውም። በየወሩ ስታስገቡ በማስተላለፊያው ምክንያት ላይ የወሩን ስምና የቤቱን ቁጥር ጻፉ፤ ሒሳቡም የአከራዩ ወይም የሕጋዊ ወኪሉ ይሁን እንጂ የደላላው አይሁን።

የሚፈርመው ማን ነው? ኮንዶሚኒየምና አፓርታማ ላይ ባለቤቱ አሜሪካ ወይም አረብ አገር ሆኖ ወንድም ወይም አክስት የሚያከራዩለት በጣም ብዙ ነው። ይህ በራሱ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ውክልናውን ማየት ግድ ነው። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተሰጠ ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት የተመዘገበ መሆን አለበት። ውስጡ «ማከራየት» እና «ኪራይ መቀበል» የሚሉ ሥልጣኖች መኖራቸውን ራሳችሁ አንብቡ፤ «ቤቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ብቻ ከሆነ ለሕግ አዋቂ አሳዩት። የባለቤትነት ሰነዱ ላይ ያለው ስም ከውክልና ሰጪው ስም ጋር እስከ አያት ስም ድረስ ይመሳሰል። ሰነድ «ኋላ ይመጣል» የሚል ሰው ራሱ ተከራይ ሆኖ አሳልፎ የሚያከራይ ሊሆን ይችላል።

ቀብድና ደላላ

ወረቀት ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ራሱን የቻለ ትርጉም አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሐሳባችሁ ካልጠና ቀብድ አትስጡ። ከሰጣችሁ ለአከራዩ እንጂ ለደላላው አይሁን፤ በባንክ አስተላልፋችሁ የቤቱ ቁጥር፣ ወርሃዊ ኪራዩና የምትገቡበት ቀን ያለበት አጭር ወረቀት አስፈርሙ። የደላላውን ክፍያ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት በቁጥር ተነጋገሩ፤ ስንት ሰው ተቀባይ እንደሆነም ጠይቁ። በፊርማው ቀን ሦስት ደላላ በር ላይ ቆሞ ድርሻ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ።

ቁልፍ የምትረከቡበት ቀን

ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት ባዶውን ቤት በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፦ ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የመስኮት መስታወት፣ የሁለቱ ቆጣሪዎች ንባብ። የተሰነጠቀ ሴራሚክና የማይዘጋ መስኮት ካለ በዝርዝር ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ማስያዣ ሰጥታችሁ ከሆነ ስትወጡ ከእሱ ላይ እንዳይቆረጥ። ከጫኝና አውራጆች ጋር ዕቃው ከመኪናው ሳይወርድ፣ ፎቁንና ሊፍት አለመኖሩን ነግራችሁ በጠቅላላ ዋጋ ተስማሙ፤ ሶፋው ግማሽ ደረጃ ላይ ሆኖ የሚደረግ ድርድር የሚጎዳው ባለዕቃውን ነው። ከዚያ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የውጭ በሩን ሲሊንደር በዚያው ቀን አስለውጡ፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ስንት ቁልፍ አስቀርጾ እንደነበር አይታወቅም።